ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ

ቀርከሃ ማዶ የምትባል መንደር ከመተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር ነበረች። በጣሊያን ጊዜ እዚያች መንደር ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም በስሟ ያልጠራት አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ስሟ የሻረግ ነው። አሁን እንዲህ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን የሚፈልጋት ሰው ደጇ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ወይም ያጨበጭባል። ውሃ መቅጃው ላይ ያገኟት ሴቶች «አንቺ» ብለው ይጀምሩና የቀረውን በዓይናቸው ይጨርሱታል። አማቷ አባ አዛናው እንኳ፣ አንድ ግቢ እየኖሩ፣ ከአንድ ሌማት እየበሉ፣ ሲፈልጓት የጎጆዋን ምሰሶ በበትራቸው መታ መታ ያደርጋሉ እንጂ ስሟን ከአፋቸው አያወጡም።

ይህን ያመጣው የዚያ ቆላ ልማድ ነው። እዚያ ሰው ስሙ ከሩቅ አንዴ ሲጠራ አይመልስም። ሙታን የሚወዱትን ሰው፣ በተለይ ቀትር ላይ፣ በስሙ ይጣራሉ ይባላል። ሙት ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጣራው፤ ለሁለተኛ የሚሆን ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ ስምህን የሰማህ እንደሆን ዝም ትላለህ። የጠራህ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ይደግማል፤ ያኔ «አቤት» ትላለህ። ለመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ያለ ዓመቱን አይዘልቅም። ከደጋ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቅበታል። ሁለት ክረምት ከከረመ በኋላ ግን እሱም ጸጥ ብሎ ሁለተኛውን ሲጠብቅ ታገኘዋለህ።

የሻረግ ራሷ የደንቢያ ልጅ ነበረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ፈረደ ለሚባል የቆላ ገበሬ ተድራ ስትመጣ ቆላው የተቀበላት በወባ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ከርማ ስትነሣ ጸጉሯ ረግፎ ነበር። «ይቺ ልጅ መስከረምን አታይም» ብለው የነበሩት አባ አዛናው፣ በጥቅምት ማማ ላይ ወጥታ ጅራፍ ስታጮኽ ባዩ ጊዜ አፋቸውን ያዙ። ማማ በማሽላው መካከል በአራት ባላ ላይ የሚቆም ከፍ ያለ ቆጥ ነው። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ የሚባለው ወፍ በእልፍ ይመጣና ጠዋት እህል የነበረውን ማታ ባዶ አገዳ አድርጎት ይሄዳል። ጠባቂው ከንጋት እስከ ጀምበር ግባት እዚያ ላይ ቆሞ በወንጭፍ፣ በጅራፍና በጩኸት ይከላከላል። የሻረግ በዚህ ሥራ ከወንዶቹ ትበልጥ ነበር። ከወንዙ ማዶ ጥቁር ጉብታ አለ። ፈረደ ከዚያ ሆኖ ሲጣራና እሷ «አቤት» ስትል፣ ከማማው ኋላ ያለው ገደል ራሱ «አቤት» ብሎ ያግዛታል።

ማማ ላይ የሚውል ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። ለምሳሌ ከማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ሲኖር፣ መጥረቢያው ግንዱ ላይ ሲያርፍ ምንም አይሰማም፤ ሰውየው መጥረቢያውን መልሶ ወደ ላይ ሲያነሣ ነው «ቷ» የሚለው። የመጨረሻውን ፈልጦ መጥረቢያውን ካስቀመጠ በኋላ እንኳ አንድ «ቷ» ይቀራል። የሻረግ ይህን ደጋግማ አይታ ወባው ጆሮዬን አዘግይቶብኛል ብላ ደመደመች። ለማንም አልነገረችም። ጆሮዋ የሚዘገይ ሴት ማማ ላይ ምን ትሠራለች እንዳይሏት ነው።

ጣሊያን መተማ ሲገባ ፈረደ ዱር ገባ። በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ ቀትር ሲቃረብ፣ ጥቁር ጉብታ ላይ ብቅ ይላል። የሻረግ ነጭ ነጠላዋን ማማው ላይ ሰቅላ ከሆነ አገር ሰላም ነው ማለት ነው። ስሟን ሁለት ጊዜ ይጣራል፤ እሷ «አቤት» ትላለች፤ ወርዶ ዱቄትና ጨው ይዞ ይመለሳል። እንዲህ አድርገው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆዩ።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ኅዳር ገባ እንዳለ፣ ነጠላው ተሰቅሎ ሳለ፣ ፈረደ መጣ። ሙቀቱ የበረታበት ሰዓት ነበርና ጉብታው ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል። የሻረግ ባሏን አየችው፤ ከጉልበቱ በታች ግን አልነበረም። እግሩ መሬቱን ሳይነካ በቀጭን ውሃ ላይ የቆመ መሰላት። ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ፣ ምንም ድምፅ ሳትሰማ፣ ሰውየው ወደቀ። ባዶው ጉብታ ብቻ ቀረ። እሷም «ተደናቀፈ» ብላ ልታስብ ስትጀምር፣ ማንም ከሌለበት ከዚያ ጉብታ የፈረደ ድምፅ መጣ። «የሻረግ» አላት፤ ረጋ ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ወዲያው ጥይት ጮኸ።

ግሪሳው ከማሽላው ብድግ አለና ሰማዩ ጨለመ። የሻረግ ማማው ወለል ላይ ተደፋች። ሲወድቅ አይታዋለች፤ ከወደቀ በኋላ ጠርቷታል። ደንቢያም ሆነ ቆላ፣ ይህን የሚፈታ ትምህርት ማንም አላስተማራትም። እስኪመሽ እዚያው ተኝታ ከጨለመ በኋላ ወደ መንደር ሮጠች፤ ያየችውንና የሰማችውን ባየችበትና በሰማችበት ቅደም ተከተል ተናገረች።

የተኮሱት የጣሊያን ባንዶች ወዲያው ሄደው ኖሮ በማግሥቱ ሰዎች ጉብታው ላይ ሲወጡ ማንም አልነበረም። ፈረደም አልነበረም። ያገኙት ከታች ነው፤ ከጉብታው አራት መቶ እርምጃ ወርዶ፣ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ዛፍ ሥር፣ ፊቱን ወደ ማማው አድርጎ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም ሰው «ቆስሎ ተሳበ» ይል ነበር። የሻረግን ቃል ከሰሙ በኋላ ግን ማንም እንደዚያ አላለም። እግር ያልነበረው፣ ሞቶ የተጣራ፣ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ራሱ ሊወስዳት የመጣ ሬሳ ሆነባቸው። ቄስ አለነ ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ከፍርሃታቸው አልበለጠም። «ሞቶ የተናገረን ሰው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አላስገባም፤ ፍትሐትም አልፈታም» አሉ። ፈረደ እዚያው ሾላው ሥር ተቀበረ። እንዳይነሣ ብለው መቃብሩ ላይ ድንጋይ ከመሩበት፤ በላዩም ጋሬጣ ጫኑበት። ከመቃብሩ በታች ከብት እንኳ ውሃ አይጠጣም ተባለ። ይሄ ውሸት ነው፤ ከብቱ ይጠጣ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም የሻረግን በስሟ አልጠራም፤ ሟቹ ሰምቶ አብሮ እንዳይጣራ ነው። እሷም ቀትር በቀረበ ቁጥር ጆሮዋን በጥጥ ትደፍናለች። እንዲህ ሆና፣ ደንቁራ፣ ማማው ላይ ሦስት መከር ጠበቀች። አባ አዛናው በየኅዳሩ ቄስ አለነ ዘንድ እየሄዱ «የልጄን አጥንት ወደ ቅጥሩ ላግባ» ብለው ይለምናሉ። በየኅዳሩም «እንዴት አድርጌ» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ። ያ ሽማግሌ ከዚህ በቀር ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

በ፲፱፻፴፫ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል እንግሊዝ ከሱዳን በኩል መጥቶ መተማ ላይ ያለውን ጣሊያን በመድፍ መምታት ጀመረ። የመተማ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው በየገጠሩ ተበተኑ። ከመካከላቸው አብዱልሀኪም የሚባለው ጨው ነጋዴ ቀርከሃ ማዶ ደርሶ አባ አዛናው ግቢ አደረ። ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። በወጣትነቱ ሱዳን ግድብ ሲሠራ ድንጋይ በባሩድ ከሚያፈርሱት ጋር አራት ዓመት ሠርቷል።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቆመ። በመተማ በኩል ሰማዩ ሥሩ ላይ ብልጭ ይላል፤ ድምፅ ግን የለም። ደመና የሌለበት፣ ነጎድጓድ የሌለበት ብልጭታ። ሰዎቹ አማተቡ። ከብዙ ዝምታ በኋላ መሬቱ እግራቸው ሥር ድም አለ፤ ያኔ ደግሞ ሰማዩ ጨልሟል። አብዱልሀኪም ብቻ መቁጠሪያውን ይዞ በጣቱ ፍሬዎቹን አንድ አንድ ያሳልፍ ነበር።

«አሁን ይመጣል» አለ ድንገት። መሬቱ ድም አለ።

ሰዎቹ ዞረው አዩት። አንዲት ብልጭታ ታየችና እሱ እንደገና መቁጠር ጀመረ። «አርባ ሁለት… አርባ ሦስት… አሁን።» ድም አለ። ከአጠገቡ የነበሩት ወደ ኋላ ሸሹ። መድፉን ከዚህ ሆኖ የሚያዘው እሱ መሰላቸው።

«ያ ጀማዓ፣ እናንት ሰዎች፣ ጥንቆላ አይደለም» አለ እየሳቀ። «ብልጭታውና ጩኸቱ ከመድፉ አፍ እኩል ነው የሚወጡ። ብርሃን ግን ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ይደርሳል። ድምፅ ግን እንደ መንገደኛ ጊዜ ወስዶ ይጓዛል። አንዲት ፍሬ ባሳለፍሁ ቁጥር አራት መቶ እርምጃ ያህል ይሄዳል። እዚህ እስቲደርስ ያ መድፍ ሌላ ጎርሷል።»

የሻረግ ከሰዎቹ ኋላ፣ ብቻዋን፣ ግድግዳ ተደግፋ ትሰማ ነበር። ጆሮዋ ላይ ጥጥ አልነበረም፤ ቀትር አልደረሰማ። መጥረቢያው ትዝ አላት። ያ ሁሉ ዓመት የዘገየው ጆሮዋ አልነበረም።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ አብዱልሀኪም ከብት ማጠጫው ገንዳ ዘንድ ሲታጠብ ሄዳ ቆመች። በስሟ የማትጠራ ሴት መሆኗን ሰምቷልና ምን ብሎ እንደሚያናግራት ተቸገረ።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ሰው ከወደቀ በኋላ ድምፁ ሊመጣ ይችላል?» አለችው።

ታሪኩን ሁሉ ነገረችው። አብዱልሀኪም ፊቱን በኩታው ጠረገና ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከገንዳው እስከ ጉብታው ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ።

«ወላሂ፣ ባልሽ ሞቶ አልጠራሽም» አለ። «ድንጋይ ስናፈርስ በየቀኑ አይቸዋለሁ። ቋጥኙ ጭጭ ብሎ ወደ ሰማይ ይነሣል፤ ጩኸቱ ሲመጣ ድንጋዩ እየወደቀ ነው። ባልሽ በሕይወቱ ሳለ ነው የተጣራ። ከዚያ ተመታና ወደቀ። መውደቁን ብርሃን ወዲያው አመጣልሽ፤ ድምፁ ግን ገና ወንዙን እየተሻገረ ነበር። የጥይቱም ጩኸት ከኋላው ነው የመጣ።»

«እግሩስ? መሬት አልነካም።»

አብዱልሀኪም በትሩን ገንዳው ውስጥ አስገባ። ውሃው ላይ የተሰበረ መሰለ። አወጣው፤ ደህና ነው። «ብርሃን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አየር ሲያልፍም እንዲህ ይጎብጣል። ከጉብታው የተነሣው ሙቀት ነው እግሩን የወሰደብሽ። ድምፅ ደግሞ ይኸን ይመስላል።» ትንሽ ጠጠር ገንዳው መካከል ጣለ። ክብ ሞገዱ እየሰፋ ሄዶ የገንዳውን ጠርዝ ነካና ተመለሰ። «ይኸ የተመለሰው የገደል ማሚቶ የምትሉት ነው። ድንጋይ መካከሉ ላይ ቢቆም እንኳ ሞገዱ ዙሮ ያልፈዋል፤ ብርሃን ግን ድንጋይ አይዞርም፤ ስለዚህ የማታይውን ሰው ልትሰሚ ትችያለሽ።»

የሻረግ ሞገዱን ትክ ብላ አየች። «ሁለት ጣልበት» አለችው። «መጀመሪያ ትንሽ፣ ወዲያው ደግሞ ትልቅ።»

ጣለ። ትንሹ ሞገድ ሄደ፣ ትልቁ ተከተለው። ትንሹ ጠርዙን ነክቶ ተመለሰ፤ ትልቁም ነክቶ ተመለሰ።

«ሁለተኛውን አስቀርቶ መጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል?»

«አይመልስም» አለ አብዱልሀኪም። «ጠርዝ የተቀበለውን ሁሉ በተራው ይመልሳል። መርጦ የሚያስቀረው የለም።» ደስ ብሎት ነበር፤ ያጽናናት መስሎታል። እሷ ግን ገንዳውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች።

ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ያን ቀን፣ ጥይቱ ከጮኸ በኋላ፣ ግሪሳው ተነሥቶ ዞሮ ዞሮ መልሶ ማሽላው ላይ ካረፈ በኋላ፣ ሁሉም ጸጥ ሲል፣ ሌላ «የሻረግ» መጥቶ ነበር። ቀጭን ነበር፤ ከታች ነበር። ማማው ወለል ላይ ተደፍታ ሰምታዋለች። ልማዱ ለሁለተኛው ጥሪ «አቤት» በይ ይላታል። ግን ወንዙ ጫካ ውስጥ ባንዶች ገና ያሉ መስሏት አልመለሰችም። «ገደሉ ነው፤ ማሚቶ ነው» አለች ለራሷ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትል ኖረች። ማሚቶ ቢሆን ኖሮ ከጥሪው ኋላ የጥይቱም ጩኸት ተመልሶ በመጣ ነበር። አልመጣም። ድምፁ ብቻውን ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ የመጀመሪያውን ጥሪ ከፈታች ባሏ ቅጥር ይገባል፣ አማቷም የለመኑትን ያገኛሉ። ሁለተኛውን ግን እሷ ራሷ ትሸከመዋለች። አብዱልሀኪም አያውቅም፤ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

አብዱልሀኪም ነገሩን ለአባ አዛናው ነገራቸው። እሳቸው በዚያው ቀን ቄስ አለነንና ሁለት ሽማግሌዎችን እየጎተቱ ማለት ይቻላል ማማው ሥር አመጧቸው። አብዱልሀኪም የሻረግን ጅራፍ ይዞ ወንዙን ተሻገረና ጥቁር ጉብታው ላይ ወጣ። የሻረግ ከሽማግሌዎቹ ራቅ ብላ ቆመች።

ከሩቅ ክንዱ ወደ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አዩ። ጅራፉ አልጮኸም። ቀጥሎ፣ አብዱልሀኪም ክንዱን አውርዶ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ፣ ባዶው አየር ጧ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በስመ አብ» አለ። ቄስ አለነ እንዲደገም እጃቸውን አወዛወዙ። ተደገመ። ሦስተኛ እንዲደገም አደረጉ። በአራተኛው አብዱልሀኪም ጅራፉን አጩኾ ወዲያው ሣሩ ውስጥ ተኛ። ጉብታው ላይ ማንም ሳይኖር ጅራፉ ጮኸ። የሁሉም ጀርባ ቀዘቀዘ። ምክንያቱን አውቀውትም እንኳ ቀዘቀዘ።

«በሕይወቱ ነው የተጣራ» አሉ ቄስ አለነ። «አጥፍቻለሁ። በደለኛው እኔ ነኝ። ነገ ይነሣል፤ ፍትሐቱን እፈታዋለሁ።»

አባ አዛናው ግን የሰሙ አይመስሉም ነበር። ዓይናቸው ከጉብታው ወደ ሾላው፣ ከሾላው ወደ ማማው ይመላለሳል። «እንግዲህ ሬሳ አልተራመደም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ቆስሎ ነው የተሳበ። አራት መቶ እርምጃ። ያን ሁሉ ሲሳብ በሕይወቱ ነበር።» ከዚያ ወደ የሻረግ ዞሩ። «አንቺ፣ ዳግመኛ ጠርቶሻል?»

ሁሉም ዞሮ አያት። «አልጠራኝም» ማለት ትችል ነበር። «ማሚቶ ነው» ማለትም ትችል ነበር፤ ይህ ሦስት ዓመት የተለማመደችው መልስ ነው።

«ጠርቶኛል» አለች።

«አንቺስ?»

«ዝም አልሁ።» እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሙት ብቻ ፈርቸ አይደለም፣ አባ። ለመጀመሪያው ሙት ፈርቸ ነው። ለሁለተኛው ግን ባንዳውን ፈርቸ ነው። ሕያው መሆኑን ልቤ አውቆት ነበር።»

አባ አዛናው በትራቸውን አንሥተው ወደ መንደር ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። እውነቱን ለመናገር እነሱም ቢሆኑ ያን ቀን ጥይቱን በየደጃቸው ሰምተው አንዳቸውም እስከ ማግሥቱ አልወጡም። ይህን ግን ያን ጊዜ ማንም አላነሣም።

በማግሥቱ ጋሬጣው ተነሣ፤ ድንጋዩ ተነሣ። የፈረደን አጥንት በነጭ ኩታ ጠቅልለው ወደ ቅጥሩ ወሰዱት። ያ ነጠላ፣ ማማው ላይ ይሰቀል የነበረው፣ ከውስጥ ተደረበለት። ቄስ አለነ ፍትሐቱን ሲፈቱ ድምፃቸው እየተቆረጠ ነበር። አባ አዛናው በትራቸውን ተደግፈው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሙ። የሻረግን አላዩዋትም። አብዱልሀኪም መድፉ ጋብ ሲል አህያውን ጭኖ ሄደ፤ ሲሰናበታት ምን እንዳደረገ የገባው ይመስል ነበር፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ አባ አዛናው ምሰሶዋን እንኳ መምታት ተዉ። ምግብ ስታቀርብላቸው ይበላሉ፤ ስታነሣ ዝም ይላሉ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። የሻረግ ደንቢያ ወዳሉት ወገኖቿ ልትመለስ ወሰነች፤ ያስቀራት መከሩ ብቻ ነበር። ማሽላውን ለግሪሳ ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ጥጡን ግን ጥላው ነበር። የሚመጣ ካለ ይምጣ ብላለች።

በዐሥረኛው ቀን፣ ቀትር ሲቃረብ፣ ማማው ላይ ቆማ ሳለች ስሟ ተጠራ።

«የሻረግ።»

ከጥቁር ጉብታ ነው የመጣው። ዞራ አየች፤ ጉብታው ላይ ማንም የለም። አየሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ዓመት ያልሰማችው ስሟ ነበር፤ ድምፁም የፈረደ ድምፅ ነበር፤ ትንሽ አርጅቶ፣ ትንሽ ሰልሎ። አብዱልሀኪም ድምፅ ድንጋይ ዙሮ ያልፋል ማለቱ ትዝ አላት። ቅጥር ውስጥ የተቀበረውም ትዝ አላት። የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። ልማዱ ዝም በይ፣ ሁለተኛውን ጠብቂ ይላል። ጠብቃ ታውቃለች።

«አቤት» አለች፤ በሙሉ ድምፅዋ።

ከኋላዋ ገደሉ «አቤት» አለ። ለሁለት የልብ ምት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ከጉብታው ቋጥኝ ኋላ ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ፤ በትር ተከተለው። አባ አዛናው ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ወንዙን ተሻግረው፣ ልጃቸው የቆመበት ቦታ ድረስ ወጥተው ነበር። በትራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ አየች።

የሻረግ ድምፁ እስኪደርስ አልቆመችም። ከማማው ወርዳ በማሽላው መካከል ወደ ወንዙ ትሮጥ ነበር፤ ሁለተኛው ጥሪ የደረሰባት መንገድ ላይ ነው።